ጭራቅ፣ የራስ ቅል፣ ቅዠት፦ አስፈሪ ሥዕል ምን እያለን ነው?

ስልክ የያዘ ሰው ሳያያቸው አይቀርም። ፊት የሌለው ሰው። ከአጥንት የተሠራ ካቴድራል። በጭጋግ ውስጥ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ ጭንቅላቱ በጨርቅ የተጠመጠመ ፍጡር። ከሥሩ «ሲኦልን አይቶ የተመለሰ ሰው የሳለው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ኮሜንቱን ብታነቡት ግማሹ «በስመ አብ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ነካ ያደርገዋል» ይላል።

ሀዋሳም ያው ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር የተቀመጡ ተማሪዎች ስልክ እየተቀባበሉ ያዩታል። ሥዕል የሚሞክር ልጅ ያላት እናት «ምን ነክቶብኝ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚስለው?» ብላ ትጨነቃለች። ልጁም ደብተሩን መደበቅ ይጀምራል። ይህ ጭንቀት ሊቀል ይችላል ብዬ ስለማምን ነው የጻፍኩት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ የሚያስፈራን ከሥሩ የተጻፈው ነው። እሱን ደግሞ ሠዓሊው አልጻፈውም። ወደዚህ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ስለ ምን ዓይነት ሥዕል ነው የምናወራው?

ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ «አስፈሪ ሥዕል» ተብለው ይጠራሉ። ለያይቶ ለማየት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የተሻለ ቦታ የለንም።

ጠዋት ዓሣ ገበያው ሲደምቅ ሂዱ። ጀልባዎቹ ዳር ይይዛሉ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሆዱን በቢላዋ ይሰነጥቃሉ፣ አንጀቱን ወደ ጎን ይወረውራሉ። አምባዛው ገና ነፍሱ ሳትወጣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። እስከ 1.5 ሜትር የሚረዝሙ ወፎች ናቸው። ራሳቸው መላጣ ነው። ከአንገታቸው ሥር ላባ የሌለው ረጅም ከረጢት ይንጠለጠላል። አንጀት ሲወረወር አንዱ ሳይቸኩል ሁለት እርምጃ ይራመድና በአንድ ጊዜ ይውጠዋል። አጠገቡ ሰው ሻይ እየጠጣ ነው። ማንም ዘወር ብሎ አያየውም።

ይህን አንድ ትዕይንት ሦስት ሠዓሊዎች ይሳሉት እንበል።

የመጀመሪያው ጠዋቱን ወደ ምሽት ይለውጠዋል። ሐይቁን ያጠቁረዋል። ታቦር ተራራን ከኋላ ጥላ ብቻ ያደርገዋል። ብርሃን የሚያርፈው ቢላዋው ስለት ላይ ብቻ ነው። ማንም አልተጎዳም፣ ደምም የለም። ግን ስታዩት ሆዳችሁ ይረበሻል፤ አንድ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ይሰማችኋል። ጨለማ ሥዕል የሚባለው ይህ ነው። ጨለማው ያለው በድባቡ ነው።

ሁለተኛው ብርሃኑን አይነካውም። ዐይኑን ግን ከአንጀቱ ላይ አያነሳም። ፈጦ የቀረውን የዓሣ ዐይን፣ ዝንቡን፣ በድንጋዩ ላይ የደረቀውን ደም አቅርቦ ያሳያችኋል። ጉዳዩ ሞትና መበስበስ ነው። ይህ ማካብር ይባላል። የራስ ቅል፣ አፅም፣ ሬሳና መቃብር የዚህ ዘርፍ ዕቃዎች ናቸው።

ሦስተኛው ሥርዓቱን ይገለብጠዋል። አባ ኮዳዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሰዎቹ ከጀልባ እየወረዱ በሚዛን ይመዘናሉ። ቆሮሶው ዋጋ ይከራከራል። ሁሉም ነገር ደግሞ ጥርት ብሎ፣ የጥላው አቅጣጫ ሳይሳሳት፣ ልክ ያየው ሰው እንደሳለው ሆኖ ይሳላል። ሱሪያሊዝም እንዲህ ይሠራል። ሊሆን የማይችለውን ነገር በእርግጠኛ እጅ ያሳያችኋል፤ ልክ ሕልም ውስጥ ስትሆኑ «ይሄማ አይሆንም» ብላችሁ እንደማትከራከሩት።

አንድ ሥዕል ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል። ስልካችን ላይ የሚዞሩት አብዛኞቹ ይይዛሉም።

## ድሮስ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?

«የዘንድሮ ጉድ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም።

አውሮፓ ውስጥ ከ1347 እስከ 1351 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሶውን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ጠረገው። በቀጣዩ ምዕተ ዓመት በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ቦታ ግድግዳዎች ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል በብዛት መታየት ጀመረ። አፅሞች የሰዎችን እጅ ይዘው ይጨፍራሉ። ጳጳሱም፣ ንጉሡም፣ ገበሬውም፣ ሕፃኑም ሰልፉ ውስጥ አሉ። ያን ዘመን ያለፈ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ምን እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል። ሞት ደረጃ አይለይም።

ሆልባይን የተባለው ሠዓሊ ደግሞ በ1533 ሁለት ሀብታም መልእክተኞችን ሳለ። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ፀጉር ካፖርት ለብሰዋል፣ መሣሪያና መጻሕፍት ከበዋቸዋል። እግራቸው ሥር ግን ምንነቱ የማይለይ ግራጫ ነገር ተጋድሟል። ከፊት ለፊት ስታዩት ትርጉም የለውም። ወደ ጎን ሄዳችሁ ስታዩት የራስ ቅል ይሆናል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከዚህ ሁሉ የሚያንስ አይደለም። እንዲያውም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ውጭው ሥዕል ስናወራ የራሳችንን እንረሳለንና።

በላዔ ሰብን አስቡት። ታሪኩን የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብር ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳ መቀበል የሚወድ ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን እንግዳ መስሎ ይመጣና ልጁን እንዲያርድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ አእምሮው ይዞርበታል። ሚስቱን፣ ቤተሰቡን ይበላል። የበላቸው ሰዎች 78 ይደርሳሉ። አንድ ቀን የተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ውኃ ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በፍርድ ጊዜ ነፍሳቱ በአንድ ወገን፣ ውኃዋ በሌላ ወገን ይመዘናሉ። ውኃዋ ትደፋለች።

ይህ ታሪክ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ጨምሮ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተስሏል። ሠዓሊዎቹ አልሸፋፈኑትም። የሰው አካል ወደ አፉ ሲሄድ ይታያል። ልጆች ያዩታል፣ አሮጊቶች ይሳለሙታል። «ይህን የሳለው ቄስ ሰው መብላት ይወዳል» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ያ አስፈሪ ምስል ባይኖር ጥርኝ ውኃዋ አትከብድም ነበር። አስፈሪው የተሳለው ምሕረቱ እንዲለካ ነው።

ከስቅለቱ ሥዕል ግርጌ ያለውን የአዳምን የራስ ቅል፣ በዕለተ ምጽአት ሥዕል ላይ በእሳት ውስጥ የታሰረውን ሰይጣን፣ በክታብ ጥቅሎች ላይ ትልልቅ ዐይን ያላቸውን የጠልሰም ፊቶችም ጨምሩበት። ብዙዎቹ የጥንት ሠዓሊዎቻችን ክፉውን በጎን አዙረው፣ በአንድ ዐይን ብቻ ይስሉት ነበር። ጻድቁ ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ያያችኋል። ክፋትን በሥዕል የማሳየት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው ማለት ነው።

## ሱሪያሊዝም ከየት መጣ?

ከጦርነት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖችን ከጨረሰ በኋላ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ብረቶን በጦርነቱ ጊዜ የሕክምና ተማሪ ነበር። ጦርነቱ አእምሯቸውን ያናወጣቸው ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል አገልግሏል። የሚናገሩትን ሰምቷል። ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሕልምና ስለተደበቀ የአእምሮ ክፍል የጻፈውንም ያውቅ ነበር። በ1924 ፓሪስ ውስጥ የሱሪያሊዝምን መግለጫ አወጣ።

ሐሳቡ ይህ ነው። አውሮፓ በሥልጣኔዋና በምክንያታዊነቷ ስትኮራ ኖራ ልጆቿን በመትረየስ አጨደች። እንግዲያው ይህ «ምክንያታዊ» የተባለው አእምሮ ብቻውን አይታመንም። ከሥሩ ያለው ሌላው ክፍል፣ ሕልም የሚያልመው፣ የሚፈራውና የሚመኘው፣ ይናገር።

ከዚያ ሠዓሊዎቹ መጡ። ሳልቫዶር ዳሊ በ1931 እንደ ጨርቅ የተንጠለጠሉ ሰዓቶችን ሳለ። ረኔ ማግሪት በ1928 ፊታቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚሳሳሙ ጥንዶችን ሳለ። የማግሪት ሥዕል ውስጥ ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። ግን ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ላይተያዩ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ክው በሚያደርግ መንገድ የነገረኝ የለም።

ሜክሲኳዊቷ ፍሪዳ ካህሎ ለብቻዋ መነሳት አለባት። በ1925፣ በ18 ዓመቷ፣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከትራም ጋር ተጋጨ። የብረት ዘንግ ሰውነቷን ወጋው። አከርካሪዋ ተሰበረ። ዕድሜዋን ሙሉ በቀዶ ሕክምናና በሕመም ኖረች። በ1944 በሳለችው አንድ ሥዕል ላይ ሰውነቷ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተሰንጥቋል። በአከርካሪዋ ቦታ የተሰነጣጠቀ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ቆዳዋ ላይ ምስማር ተሰክቷል። እንባዋ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን አልተጨማደደም፤ ቀጥ ብላ ታያችኋለች። ብረቶን ከእነሱ ወገን አድርጎ ቆጥሯት ነበር። እሷ ግን የምስለው ሕልም ሳይሆን የራሴን እውነት ነው ትል ነበር። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የጀርባ ሕመም የሚያሠቃየው ሰው ያን ሥዕል ሲያይ ማብራሪያ አይፈልግም።

## ይህን የሚስል ሰው ጤነኛ ነው?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሁለት ሰዎችን በቅርብ እንይ።

ፖላንዳዊው ዝጂስዋፍ ቤክሺንስኪ በስልኮቻችን ላይ ከሚዞሩት የአጥንት ካቴድራሎችና ጭጋጋማ ፍጡራን የብዙዎቹ ባለቤት ነው። በ1929 ሳኖክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። 10 ዓመቱ ላይ ናዚ ጀርመን ሀገሩን ወረረች። ካደገ በኋላ አርክቴክቸር ተማረ፣ ፎቶ አነሳ፣ ቅርፃ ቅርጽ ሠራ፣ ለአውቶቡስ ፋብሪካ ንድፍ አወጣ። ታዋቂዎቹን ሥዕሎች የሳለው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሕልምን ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው መሳል እንደሚፈልግ ተናግሯል።

ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ እንዲህ ይላሉ፦ ሚስቱ ሞተች፣ ልጁን አጣ፣ ከዚያ በሐዘን ይህን ሁሉ ሳለ፣ በመጨረሻም ተገደለ። ሐዘኑ እውነት ነው። ሚስቱ በ1998፣ አንድ ልጁ በ1999 ሞቱ። እሱም በ2005 ዋርሶ ውስጥ በገዛ ቤቱ ተገደለ። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። እነዚያ የታወቁ ሥዕሎች ከዚህ መከራ ሁሉ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ሲስል ክላሲካል ሙዚቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍት ነበር። የሚያውቁት ሰዎች የሚናገሩት ዓይን አፋር ግን ጨዋታ ስለሚወድ፣ ስለማያስቸግር ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ጭራቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ስፔኑ ፍራንሲስኮ ጎያ እንሂድ። የእሱ ታሪክ የተለየ ነው። የንጉሥ ሠዓሊ ነበር። በ1790ዎቹ መጀመሪያ በያዘው ከባድ በሽታ ጆሮው ደነቆረ። የናፖሊዮን ጦር ስፔንን ሲወር የተፈጸመውን ግፍ በዘመኑ ኖሮ አይቷል። በ1819፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት፣ ከማድሪድ ዳር ቤት ገዛ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በቀጥታ ልስኑ ላይ፣ 14 ጥቁር ሥዕሎችን ሳለ። ለሽያጭ አልነበሩም፤ ለሕዝብም አላሳያቸውም። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ሸራ ተዛወሩ። ዛሬ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ከነሱ አንዱ ልጁን የሚበላ ግዙፍ ሽማግሌ ነው። የልጁ ራስ የለም፤ አንዱ ክንድ ተበልቷል። ብዙ ሰው ደሙን አይቶ ይሸሻል። እስቲ አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ የሽማግሌውን ዐይን ተመልከቱ። ፈጧል። ጭካኔ አይደለም እዚያ ያለው። ፍርሃት ነው። የሚበላው ራሱ ደንግጧል። የሠራውን እያየ ማቆም ያልቻለ ሰው ፊት ነው። ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ጦርነት የምታውቁትን ሁሉ ወደዚያ ዐይን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ሁለቱን ሰዎች አንድ ነገር ያገናኛቸዋል። ጎያ እነዚያን ሥዕሎች ስም አላወጣላቸውም። ዛሬ የምንጠራባቸውን ስሞች ያወጡት ሌሎች ናቸው። ቤክሺንስኪም ሆን ብሎ ሥዕሎቹን ስም ነፍጓቸዋል። ሰው «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ትርጉም ፍለጋ እንዲሯሯጥ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ የቤክሺንስኪ ሥዕል «የሲኦል በር» ወይም «የተረገመው ሥዕል» ተብሎ ከመጣላችሁ ስሙን የለጠፈው ሌላ ሰው ነው።

ጥያቄውን ልመልስ። አንዳንዱ ሠዓሊ ያመዋል፣ አንዳንዱ ሰላም ነው። ሥዕሉን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። አበባ ብቻ እየሳሉ ውስጣቸው የደማ ሰዎችም አሉ።

## እኛስ ለምን እናየዋለን?

አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት አስተውሎታል። በአካል ብናያቸው የሚዘገንኑንን ነገሮች፣ ሬሳም ቢሆን፣ በሥዕል በትክክል ተስለው ስናይ ደስ ይለናል ብሏል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ሰው ማወቅ ስለሚወድ ነው ይላል።

ለእኛ ግን ከአርስቶትል ይልቅ የለቅሶ ቤት ይቀርበናል። ሙሾ አውራጇን አስቡ። የሟቹን ቁመት፣ አነጋገሩን፣ ባዶ የቀረ አልጋውን እየጠራች ቁስሉን ትነካካለች። ስሜቱን ታባብሰዋለች እንጂ አታበርደውም። ሰው ያለቅሳል፣ ደረቱን ይመታል። ከዚያ ይወጣለታል። ታፍኖ የቀረው ነው ኋላ የሚታመመው። ሙሾ አውራጇን ሞት ወዳጅ ናት የሚል የለም። ለሐዘኑ ቅርጽ ሰጠችው፣ ግጥም ሆነ፣ ብዙ ሰው አብሮ ሊሸከመው ቻለ። ጥሩ ጨለማ ሥዕልም ለፍርሃት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስም ያልነበረው ጭንቀት ክንፍና ጥርስ ያበቅላል፤ ፍሬም ውስጥ ይገባል፤ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ስትፈልጉ ደግሞ ዘወር ትላላችሁ። እውነተኛ ፍርሃት ዘወር እንድትሉ አይፈቅድም።

## አፍሪካ ውስጥ፣ በተለይ እኛ ጋ፣ ማን እንዲህ ሠርቷል?

ደቡብ አፍሪካዊቷ ጄን አሌክሳንደር በ1985 እና 86 የሠራችው ቅርፃ ቅርጽ ኬፕታውን ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ አለ። ቁመታቸው የሰው ልክ የሆነ ሦስት ወንዶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው የሰው ነው። ራሳቸው ግን የእንስሳ ነው፤ ቀንድ አላቸው፤ አፍ የላቸውም። ዘና ብለው ተቀምጠዋል። የአፓርታይድ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀበት ዘመን ነው። ጭካኔ የዕለት ሥራ ሲሆን ሰው ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ከእኛ እስክንድር ቦጎሲያን ይቀድማል። በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። በ1950ዎቹ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ለንደን፣ ከዚያ ወደ ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ ውስጥ ከሱሪያሊስቶቹ ዊፍሬዶ ላምና ሮቤርቶ ማታ ሥራ ጋር ተዋወቀ። እሱ ግን የእነሱን ሕልም አልገለበጠም። የክታቡን ዐይን፣ የብራናውን መስመር፣ የአፍሪካን ተረት ይዞ ገባ። በ1964 የሳለው አንድ ሥራው ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ይሆናል። ክንፍ ያላቸው ፍጥረቶች በጨለማ ውስጥ ይበራሉ። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ፍርሃቱንና ደስታውን አልለያያቸውም። ሥዕሉ ዛሬ አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። እስክንድር ወደ ሀገር ቤት ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ብዙ የኋላ ሠዓሊዎች ከእሱ ቀድተዋል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲስል የለመድነውን የስቅለት ሥዕል በደም ቀይ ለወጠው። ለዘመኑ ተመልካች ድንጋጤ ነበር። ከአሁኖቹ አይዳ ሙሉነህ በካሜራ ትሠራለች። ሴቶችን ፊታቸውን በነጭ ወይም በሰማያዊ ቀብታ ቁልጭ ባለ ቀይና ቢጫ ልብስ ታቆማለች። ዳሎል በረሃ ላይ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ከሕልም የመጡ ይመስላሉ። ርዕሰ ጉዳዩ ግን ውኃ ነው፤ ውኃ ፍለጋ የሴቶችን ዕድሜ እንዴት እንደሚበላ።

## ሃይማኖትን አይነካም? ልጆችስ?

ሰይጣንን መሳልና ሰይጣንን ማምለክ አንድ አይደሉም። አንድ ቢሆኑ ኖሮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎቻችን ግማሹ ይፋቅ ነበር። የተቀደሰ ነገርን ለማዋረድ ብቻ የሚሠራ ሥራ የለም አልልም፤ አለ። ግን እሱን ከሌላው ለመለየት መጀመሪያ ሥዕሉን ማየት ያስፈልጋል። ማየት የማይፈልግ ሰውም መብቱ ነው፤ ማንም አይገደድም።

ልጆችን በተመለከተ ጠንቃቃ ነኝ። ትንሽ ልጅ ምስልን ከእውነት በደንብ አይለይም፤ ያየው ነገር ሌሊት ይመለስበታል። ለእሱ የአጥንት ካቴድራል አይደለም የሚያስፈልገው። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ የራስ ቅል ሲስል ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ያው ዕድሜው የሚያመጣውን ጥያቄ ማሰላሰል ነው። ደብተሩን አትቅደዱ። «ይሄ ማነው? ወዴት እየሄደ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ያስገርማችኋል።

አንድ ነገር ግን አይታለፍ። ልጁ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ፣ ያኔ ጉዳዩ ሥዕሉ አይደለም። ልጁ ራሱ እርዳታ ያስፈልገዋል። ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት፤ ጤና ተቋም ውሰዱት።

## ታዲያ አሁን ለምን በዛብን?

አንዱ ምክንያት ፊልምና ጌም ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኤች አር ጊገር አጥንትና ማሽንን አጋብቶ የሳላቸው ፍጡራን በ1979 «ኤሊየን» በተባለው ፊልም ሆሊውድ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ኦስካር አስገኙለት። ከዚያ ወዲህ የመጡ ስንት የፊልምና የጌም ጭራቆች የእሱን ደም ወርሰዋል።

ሁለተኛው ቲክቶክና መሰሎቹ ናቸው። አልጎሪዝሙ ሥዕሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ አያውቅም። የሚቆጥረው አንድ ነገር ነው፤ ጣታችሁ ቆመ ወይስ አለፈ? አእምሯችን ደግሞ አደጋ የሚመስል ነገር ሲያይ መቆም ልማዱ ነው። በደነገጣችሁ ቁጥር ሌላ ይመጣላችኋል። «የተረገመ ሥዕል» የሚለው ጽሑፍም የሚለጠፈው ለዚሁ ነው። ሥዕሉ ብቻውን ሦስት ሰከንድ ካቆማችሁ ጽሑፉ ኮሜንት ያስጽፋችኋል፤ ሼር ያስደርጋችኋል።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ዛሬ ማንም ሰው «በቤክሺንስኪ ስልት የአጥንት ከተማ ሥራልኝ» ብሎ ቢጽፍ ወዲያው ይወጣለታል። ማሽኑ ከሚሊዮን ምስሎች የተማረውን ይቀላቅላል። ውጤቱ ዐይን ሊይዝ ይችላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ወገን አለኝ። ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩአቸው ምንም አይጨምሩላችሁም። የሚያስደነግጥ ነገር ሁሉ ሥዕል አይደለም። በጎያ ሽማግሌ ዐይን ውስጥ ያለውን ድንጋጤ ለማስቀመጥ የደነገጠ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምስል ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን በጣታችሁ ሸፍኑት። ምን እንደሚታያችሁ ለራሳችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ ማን ሳለው፣ መቼ ሳለው ብላችሁ ፈልጉ። ምስሉን ጉግል ሌንስ ላይ ብትጭኑት ብዙ ጊዜ ምንጩ ይገኛል። ካልተገኘና እጆቹ፣ ጣቶቹ፣ ከበስተኋላ ያሉት ትናንሽ ነገሮች ሲጠጉአቸው የሚፈርሱ ከሆነ የማሽን ሥራ ሳይሆን አይቀርም። የጎያን 14 ሥዕሎች ፕራዶ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያሳያል። አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ።